ቀኝ ጉንጬና ያልፈነዳው ራዲያተር

በሐዋሳ ውስጥ ለመልኩ ደንታ የሌለው አንድ ወንድ ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ፣ ብዙ ሳትደክሙ አዲስ ከተማ እኔ ቤት መጥታችሁ በሩን ማንኳኳት ትችላላችሁ። መስታወት ለኔ የመኪና ዕቃ ነው፤ ከኋላ እየከነፈ የሚመጣ ባጃጅ ለማየት የተሠራ። ሸሚዜን የምትመርጠው ሚስቴ ናት። ፀጉሬን ዕድሜ ራሱ እየለቀመ ስለሚያነሳልኝ ፀጉር ቤት የምሄደው ወሬ ለመስማት ብቻ ነው። “ወንድ ልጅ በሥራው እንጂ በፊቱ አይታወቅም” እያልኩ ስንቱን በቅባት የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ አሳፍሬያለሁ መሰላችሁ!

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ጉንጩን በሌዘር አስተኮሰ ቢባል ማን ያምናል? እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

ጥፋቱ የፀሐይ ነው። ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ተማሪው መሪውን ይዞ በግራ ይቀመጣል፣ እኔ ነፍሴን ይዤ በቀኝ እቀመጣለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ በቱላ መንገድ ስንመላለስ ፀሐይዋ በኔ መስኮት በኩል ነው የምትገባው። ስንሄድም እኔን፣ ስንመለስም እኔን። ተማሪውን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም፤ ምናልባት ገና መንጃ ፈቃድ ስለሌለው አዝናለት ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግራ ጉንጬ የጎልማሳ እንደሆነ ሲቀር፣ ቀኝ ጉንጬ ብቻውን አረጀ። ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። መጀመሪያ እንደ ምስር፣ ቀጥሎ እንደ አተር፣ በመጨረሻ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ ካርታ ሆነ።

እሱንም ችዬው እኖር ነበር። ያስመረረኝ የሰው አፍ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አንድ ቀን በር ላይ አስቁመው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝና፣ “ውይ! ይሄማ ማዲያት ነው። እኔም የበኩር ልጄን ሳረግዝ ልክ እዚችው ላይ ነበር የወጣብኝ” አሉ። ይህን ሲሉ የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ሲያልፍ ሰማ። አለቀልኝ። በማግሥቱ የማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ “ስንተኛ ወርህ ነው?” “ጎምዛዛ አማረህ?” “ኧረ ወንበር አምጡለት፣ ሁለት ነፍስ ነው!” ሆነ ሰላምታው። ቦርጬ ደግሞ ለጠላት ጥሩ ምስክር ሆና ከቀበቶዬ በላይ ተቀምጣለች። ምን ብዬ ልከራከር?

“ታዲያ ለሚስትህ ነግረህ በግልጽ አትታከምም ነበር?” የምትሉኝ አላችሁ። እሱ ነው ጉዱ። ሚስቴ ታደለች ከጥቂት ዓመት በፊት ፊቷ ጠቆር ጠቆር ቢልባት አንድ ቅባት ገዝታ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ሰበክኳት። “ፈጣሪ የቀባሽን ቀለም ፋብሪካ ሊያስተካክለው ነው?” አልኳት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “ታዴ እንደ ግድግዳ ሁለተኛ ቀለም እየተቀባች ነው” እያልኩ ሳሎን ሙሉ ሰው አሳቅሁባት። አንድ ቀን ቅባቱን ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። አሸነፍኩ። እንዲህ ያለ ድል ያለው ሰው አሁን ተመልሶ “ታዴ፣ ጉንጬን ላሳክም ነው” ይላል? ምላሴን ብቆርጥ ይሻለኛል።

ታዴ ቀልዴን ሁሉ ችላ የኖረች ሴት ናት። በትዳራችን ውስጥ ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ “በኔ እንደፈለግህ ቀልድ፤ በጌታ ስም ግን እንዳታስቀልደኝ።” በቤተክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ውስጥ ታገለግላለች፤ ቃሏ እንደ ማኅተም ነው። እሷ “አየሁ” ካለች ሰው “የት?” ብሎ አይጠይቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ የምታንቀው እኔን ነው።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ የቆዳ ክሊኒክ ሄድኩ። “ተለማማጅ” የሚል የተለጠፈባትን መኪና ሦስት መንገድ ርቄ አቁሜ፣ ኮፍያዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ፣ ባንክ ሊዘርፍ እንደመጣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ገባሁ። ዶክተሩ በአጉሊ መነጽር ጉንጬን አይተው፣ “ማዲያት አይደለም፤ ፀሐይ ያመጣው ነጠብጣብ ነው” አሉኝ።

“ዶክተር፣ ይህንኑ ማኅተም አድርገው በወረቀት ሊሰጡኝ ይችላሉ? መሥሪያ ቤት የምለጥፈው ነው።”

አልሳቁም። ሐኪም የሚስቅ ቢሆን በሽተኛ ያልቅበታል። ቀጥለው አስረዱኝ። የኛን ቆዳ ሌዘር በችኮላ አይነካውም፣ በትንሽ ኃይል ነው የሚጀመረው፤ መጀመሪያ ይብስ ይጠቁራል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ይረግፋል፤ እስከዚያ ድረስ አይታከክም፣ ምንም ነገር አይቀባም፣ ፀሐይ አይነካውም። ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ እኔ የሰማሁት “ይረግፋል” የምትለዋን ነው። ጆሮ ሆዳም ነው፤ የሚጥመውን ለቅሞ ሌላውን ይተዋል።

ወደ ውስጥ ክፍል ገብቼ ተጋደምኩ። ማደንዘዣ ቅባት ተቀባሁ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር መነጽር ተደረገልኝ። በጨለማው ውስጥ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

“ጋሼ፣ ደህና ነዎት?”

ብሩክታዊት! ተማሪዬ! ከሁለት ሳምንት በፊት በቱላ መንገድ አደባባይ መሀል ላይ መኪና አጥፍታ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ሲያስጮኽ፣ “አንቺ ልጅ፣ መሪ ነው የያዝሽው ወይስ ድስት እያማሰልሽ ነው?” ብዬ ያስለቀስኳት ብሩክታዊት። ክሊኒክ ነው የምሠራው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ካርድ የምታወጣ መስሎኝ። አሁን የሌዘሩን እጀታ ይዛ ከራሴ በላይ ቆማለች።

“ብሩኬ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?” አልኩ፤ ድምፄ ማር ሆነ።

“ዘና ይበሉ ጋሼ። እንደሱ ከተወጣጠሩ እንዴት ይሆናል?” ይህ የኔ አነጋገር ነው። ቃል በቃል።

ጧ! አለ። ጉንጬ ላይ አንድ ሰው ላስቲክ ወጥሮ የለቀቀ መሰለኝ። ያውም የጋለ ላስቲክ። የተጠበሰ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬን መታው።

“ፍሬን! ፍሬን!” ብዬ ጮኽኩ።

“ምንም ሳንሄድ ፍሬን አይያዝም ጋሼ። ገና አንደኛ ማርሽ ላይ ነን። አንገትዎን ቀጥ፣ ዓይንዎን ወደ ፊት።”

ጧ! ጧ! ጧ! ልጅቷ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ አትቸኩልም፣ የነካችውን አትደግምም። መኪና ላይ ሲሆን ዛፍ የምትመርጠው ይህችው ልጅ ናት? “ይህን ያህል እጅ እያለሽ መሪው ላይ ምን ሆነሽ ነው?” አልኳት ስንጨርስ። “እዚህ የሚጮኽብኝ ሰው የለማ” አለችኝ። ኮፍያዬን አጠለቅሁ።

ማታ ታዴ ከሥራ ስትመለስ ጉንጬ ተጠናቆ ጠብቋታል። የአባ ኮዳ አንገት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹን ከብቦ የሚቆመውን፣ ያንን የተላጠ ትልቅ ወፍ? የሱን አንገት ቆርጠው ጉንጬ ላይ የሰፉት ነው የሚመስለው።

“በኢየሱስ ስም! ምን ሆንክ?”

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ “ራዲያተር” የሚል ነው።

“ራዲያተር ምን?”

“ፈነዳብኝ። ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ…”

“ቀኝ ጉንጭህን ብቻ?”

“ዞር አልኩ። ሾፌር አይደለሁ?”

አመነችኝ። ሌላ ሰው ሲዋሽ ሚስቱ ትጠረጥራለች፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ስቀልድ እንጂ ስዋሽ አታውቀኝም። እንባዋ መጣ። እንባዋን ሳይ ነው ያልፈነዳው ራዲያተር ደረቴ ውስጥ መፍላት የጀመረው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሞ የሚያውቅና ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጥየቃ! ሰዉ ሙዝና ማንጎ፣ ለስላሳ በሳጥን፣ የዓሣ ሾርባ በሳህን ይዞ ጎረፈ። እትዬ ብርቄ የጥርስ ሳሙና ይዘው መጡ፤ “ለቃጠሎ ይሄን የመሰለ የለም፣ በረዶ ነው የሚያደርገው።” ጉንጬን እንዳይነኩ ሳሎኑን ዞርኩ፤ እሳቸው በሳሙናው እያነጣጠሩ ተከተሉኝ። አንዱ እሬት፣ አንዱ ማር፣ አንዱ የዕንቁላል አስኳል። እሺ ብዬ ሁሉንም ብቀባ ኖሮ ጉንጬ ምሳ ይሆን ነበር።

ፀሐይ እንዳይነካኝ መጋረጃውን ሁሉ ዘግቼ በጨለማ እቀመጣለሁ። ጠያቂው ሲገባ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ያያል፤ ወጥቶ ምን ይላል? “ዓይኑንም ነክቶታል።” እንዲያ ተባለ። በነጋታው “አንደኛውማ ጠፍቷል” ተባለ። ራዲያተሩም ከሰው ሰው ሲዞር ነዳጅ እየተጨመረበት መኪናው ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። የማሠልጠኛው ባለቤት በስልክ እየጮኹ፣ “የትኛው መኪናዬ ነው የነደደው?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ምንም የነደደ የለም፣ መኪናዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው!”

“ታዲያ አንተን ምን አቃጠለህ?”

“የ… የሰው መኪና ነው።”

“የማን?”

“የመንገደኛ። ልርዳው ብዬ።” በዚህች ቃል ደግሞ ጀግና ሆንኩ። ማታውኑ፣ የማያውቀውን ሰው ከሚነድ መኪና ሲያወጣ ነው የተቃጠለው የሚል ወሬ ተመልሶ ቤቴ ገባ። በሕይወቴ ሙሉ ሳጋንን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የኔን ውሸት ከኔ አሳምሮ የሚያወራ ሕዝብ መሀል እንደምኖር ግን አላውቅም ነበር። ተበሳጨሁ። ቀናሁም መሰለኝ።

ለታዴ ልንገራት ብዬ ስንት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጉሮሮዬን በጠረግኩ ቁጥር በር ይንኳኳል።

አንድ አመሻሽ የጸሎት ቡድኑ በሙሉ መጣ፤ እትዬ ብርቄም ሳሙናቸውን እንደያዙ አብረው ገቡ። መሪያቸው ጋሽ ላታሞ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ መዳፋቸው እንደ አካፋ የሰፋ ሽማግሌ። “ኬሬ ነህ፣ ሰላም ነህ ልጄ? እንጸልይልህ” አሉ። እምቢ አይባል። ተንበረከክኩ። ያንን መዳፍ አምጥተው ቀኝ ጉንጬ ላይ ጭነው መጸለይ ጀመሩ። ጸሎቱ ጋለ፣ መዳፋቸው ተንቀጠቀጠ፣ ጉንጬም አብሮ ተንቀጠቀጠ። “አሜን!” ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ቅርፊቱ አብሯቸው ሄደ። ረገፈ። ዶክተሩ ያሉት ሳምንት ደርሶ ኖሮ! ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን ጉንጭ ጥርት ብሎ ብቅ አለ። አንዷ እህት ለማየት መጋረጃውን ገለጠች፤ ብርሃኑ ሲገባ እኔ ዓይኔን አሸሁና፣ “እትዬ ብርቄ፣ ሳሙናዎን ያስቀምጡ” አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። “አየ! ዓይኑም አየ!”

ታዴ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለካ ከተቃጠልኩ ጀምሮ ቁርስና ምሳ ሳትበላ ስትጾምልኝ ነበር። እኔ የዓሣ ሾርባውን እየጠጣሁ።

“ለእሁድ ምስክርነት ነው” አሉ ጋሽ ላታሞ። “አንተም ታደለችም። እሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይኗ ያየች ናት።”

አሁን ገባችሁ? ታዴ፣ ያቺ ቃሏ ማኅተም የሆነች ሴት፣ በጉባኤ ፊት ቆማ ስላልፈነዳ ራዲያተር በጌታ ስም ልትመሰክር ነው። አንድ ቀን ደግሞ እውነቱ ይወጣል፤ ሐዋሳ ጠባብ ናት። ያኔ የሚያፍረው ጉንጬ አይደለም፣ እሷ ናት። በትዳራችን ያወጣቻትን አንዲት ሕግ እኔው በእጇ ላስጥሳት ነው።

ቅዳሜ ልነግራት ፈለግኩ፤ ከመዘምራን ጋር አመሸች። እሁድ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ፣ “ታዴ፣ አንድ ነገር…” አልኩ። “ዝም በል፣ በልቤ እየጸለይኩ ነው” አለች። የባጃጁ ሾፌር በስፖኪዮው አየኝ፤ እኔም አየሁት። የሚረዳኝ መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረክ ላይ ወጣን። ጋሽ ላታሞ ማይኩን ለታዴ ሰጧት። ተቀበለች፣ አፏን ከፈተች፤ “እኔ በዓይኔ ያየሁ ምስክር ነኝ…” ስትል ማይኩን ነጠቅኳት።

“ምንም አላየችም!” አልኩ። “ራዲያተር የሚባል ነገር የለም። የተቃጠለ መኪና የለም። ዓይኔም ምንም ሆኖ አያውቅም። ክሊኒክ ሄጄ፣ ከፍዬ፣ ጉንጬን እንዲያምር ብዬ በሌዘር ያስተኮስኩት እኔው ነኝ!”

ሳቅ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “ይሄ ሰውዬ መቼም ቀልዱን አይተውም!” አለ ከፊት ያለው። “ትሕትናው ነው፣ ያዳነውን መንገደኛ እንዳናመሰግነው ነው” አለች ሌላዋ። አጨበጨቡልኝ! እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስዋሽ እያለቀሱ ያመኑኝ ሰዎች፣ እውነት ስናገር እየሳቁ ካዱኝ።

“አይደለም! እውነቴን ነው!” ዓይኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ብሩክታዊት ላይ አረፈ፤ ለካ እሷም እዚሁ ነው የምታመልከው። “ያቻትላችሁ! እሷ ናት የተኮሰችኝ! ብሩኬ፣ ተነሺ፣ ንገሪያቸው!”

ሁሉም ዞረ። ብሩክታዊት ቀስ ብላ ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለች። “የታካሚ ምስጢር አናወጣም” ብላ ተቀመጠች።

“ታካሚው እኔ ነኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ!”

“በጽሑፍ ሲሆን ነው ጋሼ” አለች ከተቀመጠችበት።

ታዴን አየኋት። አትስቅም። ሁሉም ሲስቅ እሷ ፊቴን እያነበበች ነው፤ እየቀለድኩባት ይሁን እየነገርኳት ለመለየት። በጌታ ስም እያስቀለድኳት ከሆነ ከዚህ መድረክ አብረን አንወርድም። ያኔ ነው እስካሁን ለናንተም የደበቅኳችሁን ነገር ያወጣሁት።

ክሊኒኩ ከመተኮሱ በፊት ፎቶ ያነሳል፤ በፊትና በኋላ ለማወዳደር ነው። ለኔም ልከውልኝ ስልኬ ላይ አለ። ስልኬን የመዝሙር ግጥም ግድግዳው ላይ ለሚያወጣው ልጅ ሰጠሁትና፣ “ስቀለው” አልኩት።

ሰቀለው። ግድግዳውን የሞላ ፊቴ ወጣ። ቀኝ ጉንጬ ከነካርታው፣ ነጠብጣቡ አንዱ የድስት ክዳን አክሎ። ፀጉር እንዳይገባ ክሊኒኩ የሚያስረው ጨርቅ ግንባሬ ላይ አለ፤ ሮዝ ነው፣ ሁለት የድመት ጆሮ ቆሞበታል። ከጎኑ የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ “ሌዘር ክፍል” ተብሎ ተጽፏል። ከምስክርም በላይ ነው።

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ከዚያ አንድ ሕፃን፣ “ማሚ፣ ድመት!” አለ፤ ያኔ አዳራሹ ዳግመኛ ፈረሰ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ “ማዲያት ነው ብዬ አልነበር?” እያሉ ከወዲያ ወዲህ ያያሉ።

ታዴ ምስሉን ቀና ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ማይኩን ከእጄ ወሰደችና፣ “ቅባቴን ያስጣለኝ ይሄ ሰውዬ ነው” አለች ለጉባኤው። ሌላ አልጨመረችም። ለኔ ስብከት ያ በቂ ነበር። እህቶች ሁሉ “አሜን!” አሉ፤ ምን ላይ አሜን እንዳሉ እስካሁን አላውቅም።

ጋሽ ላታሞ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። “በል እንግዲህ፣ እኛም የምናመሰግነው አላጣንም” አሉ ረጋ ብለው፤ “ራዲያተሩ አልፈነዳም።”

ወደ ቤት ስንመለስ ታዴ ስልኬን ተቀበለችኝና ፎቶውን ከፈተች። ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል፤ አልሸሸችም፣ ያንን ቆጠርኩ። አሳንሳ አየችው፣ አሳድጋ አየችው።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “ሰው ሊቃጠል ሄዶ እንዲህ ፈገግ ይላል? አገጭህን ቀና አድርገህ፣ አንገትህን መዘህ?”

ዋሽቼ ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ ነገርኳት። ካርድ የምታወጣው ልጅ መጀመሪያ ያነሳችኝ ፎቶ ላይ ኮስተር ብዬ፣ አገጬ ተደራርቦ ነበር። “ይሄ አላማረብኝም፣ ድገሚው” አልኳት። ደገመችው። እሱም አላማረኝም። ጉባኤው ያየው አራተኛውን ነው።